ኮፕ ላይ የሚጣሉት በምንድነው? ከአዳማ የተጻፈ ማብራሪያ

ኮፕ የሚባለው የተባበሩት መንግሥታት ዓመታዊ የአየር ንብረት ጉባኤ 32ኛው፣ ኮፕ 32፣ በ2027 አዲስ አበባ ላይ እንደሚደረግ ከተወሰነ ወዲህ (ናይጄሪያም ፈልጋው ነበር፣ ለኛ ሆነ) እዚህ አዳማ ሆቴል ያለው ሰው ሂሳብ ጀምሯል፣ አዲስ አበባ አልጋ ከሞላ ትርፉ ወደኛ ይወርዳል እየተባለ። ይሁን፣ ጥሩ ነው። ግን ስብሰባው ስለምንድነው ብላችሁ ስትጠይቁ አብዛኛው ሰው "ስለ አየር ንብረት ነው፣ ዛፍ መትከል ምናምን" ብሎ ያልፋችኋል። ዛፍ መትከል ላይማ ማን ይጣላል። እነዚህ ሰዎች ግን ከ30 ዓመት በላይ ሲጣሉ ነው የኖሩት፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲከራከሩ ያድሩና ጠዋት አይናቸው ቀልቶ አንድ ወረቀት አጽድቀው ይለያያሉ፣ በዓመቱ ደግሞ ሌላ አገር ሄደው ያንኑ ጠብ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ጠቡ ባጭሩ የገንዘብ ጠብ ነው። ማን ይክፈል፣ ለማን ይክፈል፣ የሚከፈለውስ ካሳ ነው፣ እርዳታ ነው ወይስ ብድር። ሌላው ሁሉ፣ የሳይንስ ክርክር የሚመስለውም ጭምር፣ ልብሱ ሲወልቅ ውስጡ ያው ነው።

(ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ስብሰባዎቹ የሚታወቁት በሱ ስለሆነ።)

መጀመሪያ አሠራሩን ላስረዳ። አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት፣ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ዎርክሾፑን ይዞ የሚመጣው እዚህ ነው፣ ስለዚህ ባጅ አንገት ላይ አንጠልጥሎ መዞር፣ የሻይ እረፍት፣ አበል፣ በመጨረሻው ቀን የአቋም መግለጫ ማንበብ ለማናችንም አዲስ አይደለም። ኮፕም ከላይ ሲያዩት እንደዛው ነው፣ ብቻ ወደ 200 የሚጠጋ አገር ይሰበሰባል፣ ደግሞም በአቋም መግለጫው ላይ ድምፅ አይሰጥም። ይቺን ነገር ልብ በሏት፣ ብዙው ነገር ከዚች ነው የሚመጣው። በ1995 በርሊን ላይ የመጀመሪያው ኮፕ ሲደረግ ስለ ድምፅ አሰጣጥ የሚናገረው ደንብ ላይ መስማማት አቃታቸው፣ ነዳጅ አምራቾቹ በአብላጫ ድምፅ እንዳይዋጡ ፈሩ፣ ሌሎቹም የየራሳቸው ስጋት ነበራቸው፣ ደንቡ ሳይጸድቅ ይኸው እስከ ዛሬ በረቂቅ ተቀምጧል። ስለዚህ ሁሉም ነገር በስምምነት ነው የሚያልፈው፣ ማለትም ሰብሳቢው ዙሪያውን ያይና "ተቃውሞ የለም" ብሎ መዶሻውን ይመታል፣ አለቀ።

ተቃውሞ ካለስ? እሱ እንግዲህ ተቃዋሚው ማን እንደሆነ ይወስነዋል። በ2010 ካንኩን ላይ ቦሊቪያ ብቻዋን እንቢ አለች፣ ሰብሳቢዋ የሜክሲኮዋ ፓትሪሺያ ኤስፒኖዛ ግን ስምምነት ማለት አንድ አገር ሁሉንም ያስቁም ማለት አይደለም ብላ መዶሻውን መታችው። ቦሊቪያ ስለሆነች ነው እንጂ ሳዑዲን ወይም ህንድን እንደዛ የሚዘል ሰብሳቢ ይኖራል ብዬ አላስብም። በ2021 ግላስጎው ላይ ለምሳሌ ረቂቁ የድንጋይ ከሰልን ቀስ በቀስ "ማስቀረት" ይል ነበር፣ የመጨረሻዋ ሰዓት ላይ ህንድ ተነስታ (ቻይናም ከጀርባ ነበረች) "መቀነስ" ይባል አለች፣ ሆነላትም። እንግሊዛዊው ሰብሳቢ አሎክ ሻርማ ይቅርታ ሲጠይቅ መድረክ ላይ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። ኮፕ ለምን ደካማ ወረቀት እያወጣ ይበተናል ለሚል ሰው ግማሹ መልስ ይሄ ነው፣ ወረቀቱ በጣም የሚቃወመው አገር ከሚችለው በላይ ሊጠነክር አይችልም።

አሁን ወደ ጠቡ ሥር። በ1992 ሪዮ ዲጄኔሮ ላይ ማዕቀፍ የሚባለው የአየር ንብረት ስምምነት ለፊርማ ሲቀርብ አንድ ትልቅ ሀሳብ ገብቶበት ነበር፣ ኃላፊነቱ የጋራ ነው ግን እኩል አይደለም የሚል። ቀደም ብሎ የበለፀገው፣ ከሰል ሲያነድ የኖረው ይቅደም፣ ድሀው ደግሞ እየታገዘ ይከተል ነው ነገሩ። ማንም ሰው ሲሰማው ትክክል ነው ይላል። ችግሩ ይሄን ሀሳብ በስም ዝርዝር አሰሩት። ሀብታሞቹና የቀድሞ ሶሻሊስት አገሮች አንድ ዝርዝር ውስጥ ገቡ፣ ከነሱም ውስጥ ሀብታሞቹ ብቻ ከፋይ ተብለው ለብቻ ተዘረዘሩ፣ የቀረው ዓለም ከዝርዝሩ ውጭ ሆነ። ዝርዝሩ እንግዲህ የ1992 ፎቶ ነው። ቻይና የለችበትም፣ ሳዑዲ አረቢያ የለችበትም፣ ኳታር፣ ሲንጋፖር፣ ደቡብ ኮሪያ የሉበትም። በወረቀቱ መሠረት ኳታርና ኢትዮጵያ አንድ ጎራ ናቸው ማለት ነው!

አሜሪካኖቹ ገና ከመጀመሪያው ይሄን አልወደዱትም። በ1997 የኪዮቶ ፕሮቶኮል፣ ሀብታሞቹ ልቀታቸውን እንዲቀንሱ የሚያስገድደው ውል፣ ሊፈረም ሲል ሴኔታቸው 95 ለ 0 በሆነ ድምፅ፣ ታዳጊዎቹን የማያስገድድ ወይም ኢኮኖሚያችንን የሚጎዳ ስምምነት አንቀበልም ብሎ ወሰነ፣ ልብ በሉ ሁለቱም ፓርቲዎች ናቸው። ክሊንተን አስፈረመ ግን ለማጽደቅ እንኳን አላቀረበውም፣ ቡሽ በ2001 ጭራሽ ጥሎት ወጣ። ካናዳ ደግሞ ከገባች በኋላ በ2011 እወጣለሁ አለች። ኪዮቶ እንደዛ እየተንገዳገደ እያለ ቻይና በጣም አደገች፣ በ2006 አካባቢ በዓመታዊ ልቀት አሜሪካንን አለፈቻት፣ ዛሬ ከዓለም የካርበን ዳይኦክሳይድ ልቀት ሲሶ ገደማ ከሷ ነው የሚወጣው።

እዚህ ላይ ሁለቱም ወገን የሚያነሳው ቁጥር እውነት ነው፣ ጠቡ የማያልቀውም ለዛ ነው። አሜሪካን "ዛሬ ማን ነው የሚያጨሰው?" ስትል እውነቷን ነው። ቻይናና ህንድ "እስከዛሬ የተጠራቀመውስ?" ሲሉም እውነታቸውን ነው፣ ከኢንዱስትሪ አብዮት ጀምሮ ከተለቀቀው ካርበን ሩብ ያህሉ የአሜሪካ ነው፣ አየር ላይ ያለው ጭስ ደግሞ የትናንቱ ከዛሬው ጋር ተደምሮ ነው የሚያሞቀን። ህንድ ላይ ሌላ ሂሳብ አለ፣ በነፍስ ወከፍ ሲካፈል አንድ ህንዳዊ በዓመት ሁለት ቶን ገደማ ነው፣ አንድ አሜሪካዊ ወደ 14። እኛ ከነዳጅና ከከሰል የምንለቀው በነፍስ ወከፍ ግማሽ ቶን አይሞላም፣ ሩቡም አይሞላም። የትኛውን ሂሳብ እንደያዝክ ማወቅ ከፈለግክ ደሀ ነህ ወይስ ሀብታም ብሎ መጠየቅ በቂ ነው።

ቻይናን በተመለከተ አዳማ ላለ ሰው ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ኮረብታው ላይ የሚሽከረከሩት የንፋስ ተርባይኖች፣ የመጀመሪያው 51 ሜጋዋት፣ ሁለተኛው 153፣ ቻይና ሠራሽ ናቸው፣ የሠሩትም የቻይና ኩባንያዎች ናቸው፣ ገንዘቡም አብዛኛው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የመጣ ብድር ነው። አውሮፓውያን ይሄን አይነት ነገር እያሳዩ "አፍሪካ ውስጥ ይሄን ያህል የሚያበድር አገር ታዳጊ ነኝ ብሎ ከከፋዮች ዝርዝር ሊደበቅ አይችልም" ይላሉ። ቻይና ደግሞ እኔ በፈቃዴ ነው የምረዳው፣ ግዴታ አታድርጉብኝ ትላለች። በ2024 ባኩ ላይ የቻይናው ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ዲንግ ሹዌሻንግ ከ2016 ጀምሮ ከ177 ቢሊዮን ዩዋን በላይ ሰጥተናል አስባስበናል ብለው ቁጥር ተናገሩ፣ ከዚያ በፊት እንዲህ በግልጽ አይናገሩም ነበር፣ ግን "ግዴታ" የምትለዋን ነገር አልነኳትም። ባኩ ላይ የተስማሙትም ታዳጊዎች በፈቃደኝነት ቢያዋጡ እናበረታታለን፣ ቢያዋጡም ታዳጊነታቸው አይቀየርም በሚል ነው። ይሄ ዲፕሎማት ሲደክመው የሚጽፈው አይነት ዓረፍተ ነገር ነው።

እኔ ግን ብድር የምትለዋ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሀብታሞቹም ሲሰጡ አብዛኛው ብድር ነው። የ100 ቢሊዮኑን ታሪክ እዩት። በ2009 ኮፐንሃገን ላይ አፍሪካን ወክሎ የተደራደረው መለስ ዜናዊ ነበር። ከጉባኤው በፊት ካልተስማማን ጥለን እንወጣለን ይል የነበረ ሰውዬ በኋላ ከፈረንሳዩ ሳርኮዚ ጋር ሆኖ ለታዳጊ አገሮች እስከ 2020 በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር የሚል ሀሳብ ይዞ መጣ፣ ያኔ አንዳንድ አፍሪካውያን አክቲቪስቶች ርካሽ ሸጠኸን ብለው ወረዱበት፣ ሌሎቹ ደግሞ ቢያንስ ቁጥር አስቆረጠልን አሉ። በሚቀጥለው ዓመት ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚለውን የሚያጠና የተመድ ቡድን መሪዎች አንዱ እሱ ራሱ ሆነ። የሆነው ሆኖ 100 ቢሊዮኑ በ2020 አልሞላም። በሀብታም አገሮቹ በራሳቸው ድርጅት፣ በኦኢሲዲ ቆጠራ፣ በ2022 ነው መጀመሪያ የሞላው፣ 116 ቢሊዮን ገደማ ሆነ ተባለ። ከመንግሥታት ከሚመጣው ውስጥ ደግሞ ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው ብድር ነው፣ ብድሩም ሙሉ ዋጋው ነው እንደ "ድጋፍ" የተቆጠረው፣ ወለዱን ጨምረን እንደምንመልሰው አይታሰብም።

ለኛ ይሄ የቀልድ ጉዳይ አይደለም። በ2023 መጨረሻ ኢትዮጵያ የዩሮቦንድ ወለድ 33 ሚሊዮን ዶላር ሳትከፍል ቀረች፣ የዕዳ ሽግሽጉን የሚደራደረውን የመንግሥታት አበዳሪዎች ኮሚቴ በጋራ የሚመሩት እነማን ናቸው ብትሉ ቻይናና ፈረንሳይ። ኮፕ ላይ ሁለት ተቃራኒ ጎራ የሚቀመጡት ሰዎች ከዕዳ ጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ጎን ለጎን ናቸው። ስለዚህ ዕዳ ውስጥ ላለ አገር ለድርቅ መከላከያ ብድር ውሰድ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። የንፋስ ተርባይን ቢያንስ ኤሌክትሪክ ይሸጣል። ጎርፍ መከላከያ ግን ምን ሸጦ ነው ብድሩን የሚመልሰው? ለዚህ ነው ገንዘቡ ሁሉ ወደ ኢነርጂ የሚሮጠው፣ መላመድ ለሚሉት፣ ማለትም ድርቅ ለሚችል ዘር፣ ለውሃ ጉድጓድ፣ አዋሽ ሲሞላ ወንጂ ያለው ገበሬ እንዳይጠቃ ለሚሠራ ግንብ፣ ትንሽ የሚደርሰው።

ባኩ ላይ 100 ቢሊዮኑን የሚተካ አዲስ ቁጥር ነበር የሚጠበቀው። ታዳጊዎቹ በዓመት 1.3 ትሪሊዮን ዶላር ጠየቁ፣ ስብሰባው ከቀኑ አልፎ፣ የደሴት አገሮችና በጣም ድሆቹ አገሮች አንድ ጊዜ ክፍሉን ጥለው ወጥተው ተመልሰው፣ በመጨረሻ እስከ 2035 በዓመት 300 ቢሊዮን ተባለ። 1.3 ትሪሊዮኑም ወረቀቱ ላይ አለ፣ ግን ሁሉም ወገን፣ የግል ባንኮችም ጭምር፣ እዛ ለመድረስ ይሥሩ የሚል ጥሪ ሆኖ ነው። መዶሻው ከተመታ በኋላ የህንዷ ተወካይ ተነስታ ይሄ ወረቀት የአይን ማታለያ ነው አለች፣ ሰው አጨበጨበላት፣ ግን መዶሻው ወርዶ ነበር።

አሁን ወደ ካሳ። ከአዳማ ወጣ ብሎ ቆቃ ግድብ አለ አይደል፣ ብዙ ሰው ዓሳ ሲያስብ ነው የሚያስታውሰው። ያ ግድብ የተሠራው ከጣልያን የጦር ካሳ በመጣ ገንዘብ ነው። በ1947 ፓሪስ ላይ በተፈረመው የሰላም ውል ጣልያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ትክፈል ተባለ፣ ነገሩ ተጓትቶ ተጓትቶ፣ እንደገና ተደራድረውበት፣ ከካሳው ቆቃ ወጣ፣ በ1960 ሥራ ጀመረ። ብድር አይደለም፣ ችሮታም አይደለም፣ ጥፋት ነበረ ተከፈለ። እዛው ፓሪስ ከ68 ዓመት በኋላ፣ በ2015፣ የአየር ንብረቱ ስምምነት ሲጸድቅ ስለ ኪሳራና ጉዳት፣ ማለትም የአየር ንብረት ለውጡ ስለሚያደርሰው ጥፋት፣ የሚያወራ አንቀጽ ገባ፣ አብሮት ግን በውሳኔው ቁጥር 51 ላይ ይሄ አንቀጽ ለተጠያቂነትም ሆነ ለካሳ መሠረት አይሆንም የሚል ተጻፈ። አሜሪካ ይቺ ካልገባች አንፈርምም ብላ ነው ያስገባቻት። ሀብታም አገሮቹ ገንዘብ ከመስጠት ይልቅ የሚፈሩት ገንዘቡን ለምን እንደሰጡ መጻፍ ነው፣ ምክንያቱም አንዴ ጥፋተኛ ነኝ ብለህ ከፈረምክ ሂሳቡ መጨረሻ የለውም፣ ጠበቃ ያለው ሰው ሁሉ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ፍርሃቱ ይገባኛል። አለመክፈሉ ግን አይገባኝም።

ጥያቄው ራሱ ያረጀ ነው። በ1991፣ ስምምነቱ ገና ሲረቀቅ፣ ቫኑዋቱ በትናንሽ ደሴቶች ስም ባህር ለሚውጣቸው አገሮች የመድን ቋት ይቋቋም ብላ ነበር። ማንም አልሰማትም። በ2013 ዋርሶ ላይ "ስልት" የሚባል ነገር ተቋቋመ፣ ገንዘብ የሌለው። በ2022 ሻርም ኤል ሼክ ላይ፣ ፓኪስታን ያኔ በዛ ዓመት ጎርፍ ሲሶዋ ውሃ ውስጥ ገባ ተብሎ ነበር፣ የታዳጊዎቹን ቡድን የምትመራውም እሷ ነበረች፣ በመጨረሻ ፈንድ ይቋቋም ተባለ። በ2023 ዱባይ ላይ በመጀመሪያው ቀን ጸደቀ፣ ቃል የተገባው ተደምሮ ወደ 700 ሚሊዮን ዶላር ሆነ፣ ኤምሬትስ 100፣ ጀርመን 100፣ አሜሪካ 17.5 ሚሊዮን። አዎ ሚሊዮን ነው፣ አልተሳሳትኩም። የሚያስፈልገው በዓመት በመቶ ቢሊዮኖች ነው የሚገመተው። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ፣ ኤምሬትስ በ1992ቱ ዝርዝር የለችበትም፣ ግን ከፈለች። ዝርዝሩ መሰንጠቅ የጀመረው በዚህ በኩል ነው።

ከ2020 እስከ 2023 ቦረና ላይ የሆነውን ሁሉም ሰው ያስታውሳል፣ አምስት ወቅት ተከታትሎ ዝናብ ጠፋ፣ ከብቱ አለቀ። ያንን ድርቅ ያጠኑ ሳይንቲስቶች የአየር ንብረት ለውጡ ባይኖር ኖሮ እንዲህ ያለ ድርቅ የመድረስ ዕድሉ ቢያንስ 100 ጊዜ ያነሰ ይሆን ነበር ብለዋል። እንግዲህ የቦረናው ሰውዬ ላሞች ሂሳብ ለማን ይላክ ነው ጥያቄው። በሐምሌ 2025 ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት፣ ሄግ ያለው፣ ቫኑዋቱ ባስጀመረችው ጉዳይ ላይ የምክር አስተያየት ሰጥቷል፣ አገሮች አየር ንብረትን የመጠበቅ ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው፣ ግዴታቸውን ሲጥሱ ካሳን ጨምሮ ተጠያቂነት ሊመጣ ይችላል ብሎ። አስገዳጅ አይደለም። ግን ፓሪስ ላይ በበር የወጣው ነገር በመስኮት ተመልሶ ገባ።

ፓሪስን ካነሳን አይቀር፣ ስምምነቱ ለምን እንደዛ የላላ እንደሆነ ላስረዳ። ከኪዮቶ ውድቀት በኋላ አገሮቹን ማስገደድ እንደማይቻል ገባቸው፣ ስለዚህ እያንዳንዱ አገር የሚቀንሰውን ራሱ ወስኖ ይጻፍ፣ በአምስት በአምስት ዓመት ያሻሽል ተባለ። ያልፈጸመ ምን ይሆናል? ምንም። ያም ሆኖ ሊበላሽ ነበር፣ የመጨረሻው ቀን ላይ የአሜሪካ ጠበቆች ረቂቁን ሲያነቡ ሀብታም አገሮች ልቀታቸውን መቀነስ "አለባቸው" የምትል ቃል አገኙ፣ አስገዳጅ ከሆነ ደግሞ ሴኔት መሄዱ ነው፣ ሴኔት ከሄደ ሞተ ማለት ነው። ሰዓታት ተጨነቁ። ከዚያ የጽሕፈት ስህተት ነው ተብሎ "ይገባቸዋል" በሚል ለዘብ ያለ ቃል ተቀየረና መዶሻው ወረደ። የዓለም ሙቀት ከ2 ዲግሪ በጣም በታች ይሁን፣ ከተቻለ ከ1.5 አይለፍ የሚለው ግብም የመጣው እዛው ነው፣ 1.5ን የታገሉለት የደሴት አገሮች ናቸው፣ ለነሱ በሁለቱ ቁጥሮች መሀል ያለው ልዩነት አገር መኖርና አለመኖር ነው። አሜሪካ ይሄም ሆኖላት በ2020 ወጣች፣ በ2021 ተመለሰች፣ ትራምፕ በጥር 2025 ሥልጣን በያዘ ቀን ደግሞ እንደገና ውጡ ብሎ ፈረመ። ከእንዲህ አይነት ሰው ጋር የሚዋዋል አገር ለምን ለሚቀጥለው 10 ዓመት ቃል እንደማይሰጥ መገመት ቀላል ነው።

"ታዳጊዎቹ" እያልኩ ስጽፍ አንድ ልብ እንዳይመስላችሁ። ጂ 77 እና ቻይና የሚባለው ቡድን ከ130 በላይ አገር አለበት፣ ውስጡ ማልዲቭስም ሳዑዲም አሉ፣ አንዷ በነዳጅ ምክንያት ልትሰምጥ ነው፣ አንዷ ነዳጁን ሸጣ ነው የምትኖረው። ገንዘብ ሲጠየቅ አብረው ይጮሃሉ፣ ነዳጅ ሲነሳ ይለያያሉ። ስለዚህ በውስጡ ሌላ ቡድን፣ በቡድኑም ውስጥ ሌላ ቡድን አለ፣ የደሴቶቹ አለ፣ የአረቦቹ አለ፣ ብራዚል ደቡብ አፍሪካ ህንድና ቻይና የራሳቸው አላቸው፣ የአፍሪካ ቡድን አለ፣ በጣም ያላደጉት አገሮችም አላቸው፣ ይሄን የመጨረሻውን በ2017 እና 2018 ኢትዮጵያ መርታዋለች። እኛ ጂ 77 ውስጥም አፍሪካ ውስጥም እዛም አለን። አፍሪካ ራሷ አንድ አይደለችም፣ ናይጄሪያ፣ አልጄሪያና አንጎላ ነዳጃቸውን ተዉ ሲባሉ ደስ አይላቸውም፣ ሞዛምቢክና ኡጋንዳ ገና ሊጀምሩ ሲሉ ነው በሩ ይዘጋ የተባለው። እናንተ 200 ዓመት አንድዳችሁ እኛ ስንደርስ ነው ወይ የሚያልቀው ሲሉ መልስ የሚሰጣቸው የለም።

እኛስ? ኤሌክትሪካችን ከሞላ ጎደል ሁሉም ውሃና ንፋስ ነው፣ በ2024 ቤንዚንና ናፍጣ የሚጠጣ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል፣ በዚህ ኮፕ ላይ ደረት ነፍተን ነው የምንገባው። በ2025 ደግሞ ሶማሌ ክልል ካሉብ ላይ የጋዝ ፕሮጀክት ተመርቋል። ሁለቱም አንድ መንግሥት ነው የሠራው፣ በዚህ የሚደነቅ ሰው ካለ አገሯ ውስጥ በኤሌክትሪክ መኪና እየሄደች ነዳጅና ጋዝ ለሌላው የምትሸጠውን ኖርዌይን ይይ።

ደግሞ የሚገርመው ስምምነቱ ስለ ጭስ ሆኖ ጭሱን የሚያመጡትን ነዳጅ፣ ጋዝና ከሰል አንድ ላይ ጠርቶ ከነሱ እንሸጋገር ለማለት 28 ኮፕ ፈጀ። ዱባይ ላይ ነው በ2023፣ ሰብሳቢው ሱልጣን አል ጃበር የአቡ ዳቢ የነዳጅ ኩባንያ ኃላፊ ሆነው፣ "ከቅሪተ አካል ነዳጆች መሸጋገር" የሚል የተጻፈው። በ2025 ቤሌም ላይ ከ80 በላይ አገሮች እሺ ሽግግሩ በምን በኩል ይሁን፣ ፍኖተ ካርታ ይውጣለት አሉ፣ ነዳጅ አምራቾቹ እንቢ አሉ፣ የመጨረሻው ውሳኔ ላይ ነዳጅ የሚል ቃል ራሱ አልገባም። የድምፅ ደንቡ አለመጽደቁ ይቺን ነው የሚያመጣው።

አዲሱ የጠብ ሜዳ ንግድ ነው፣ እሱን ባጭሩ ልንካው። አውሮፓ ከ2026 ጀምሮ በብረት፣ በሲሚንቶ፣ በማዳበሪያ የመሳሰሉት ላይ በድንበር የካርበን ክፍያ አምጥታለች፣ ህንድና ቻይና ይሄ በአየር ንብረት ስም የመጣ ቀረጥ ነው ብለው ኮፕ ላይ አጀንዳ ካልሆነ እያሉ የመክፈቻውን ቀን ያዘገያሉ። ለኛ የቅርቡ ሌላኛው ሕግ ነው፣ ከታህሳስ 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ ከተተከለበት መሬት የመጣ ቡና አውሮፓ አይገባም፣ ማሳው የት እንደሆነ በካርታ ላይ ይታይ የሚለው። በአዳማ አልፎ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ቡና እያንዳንዱ ጆንያ የማን ጓሮ እንደሆነ አስረዱ ማለት ነው፣ ሩብ ሄክታር ያለው ገበሬ ከገዛ ኪሱ። ሕጉ ሁለት ጊዜ ተራዝሟል እንጂ አልቀረም።

አዲስ አበባ የሚመጣው ይሄ ሁሉ ተጠራቅሞ ነው። ከኛ በፊት ያለው ኮፕ 31 አንታልያ፣ ቱርክ ነው፣ አውስትራሊያም ፈልጋው ነበር፣ ማንም ድምፅ ሰጥቶ ሊለያቸው ስለማይችል ቱርክ ታስተናግድ አውስትራሊያ ድርድሩን ትምራ ተብለው ተካፈሉት። ኢትዮጵያ ደግሞ ሰብሳቢ ስትሆን መዶሻው በእጇ ነው፣ መዶሻ የያዘ ሰው ለአንድ ወገን መጮህ አይችልም፣ እስከዛሬ የጮኸችለት ወገን ግን ይጠብቃታል፣ የሚከብደው እሱ ነው።

ለአፍሪካ ከሁሉ የቀረበው ጉዳይ የመላመጃው ገንዘብ ነው። ግላስጎው ላይ ከ2019ኙ እስከ 2025 እጥፍ ይሁን ተብሎ ነበር፣ እሱ ወደ 40 ቢሊዮን ዶላር ይመጣል። ቤሌም ላይ ታዳጊዎቹ እስከ 2030 ሦስት እጥፍ አሉ፣ በድርድር ወደ 2035 ተገፋ። ሦስት እጥፍ የሚለው ገባ፣ የምን ሦስት እጥፍ እንደሆነ ግን፣ ከየትኛው ዓመት፣ ከየትኛው ቁጥር ተነስቶ፣ በግልጽ አልተጻፈም። ከ40 ቢሊዮኑ ከሆነ 120 ነው። ሌላ መነሻ የሚመርጥ አገርም አይጠፋም፣ ብድሩ ይቆጠር ወይስ አይቆጠር የሚለውም እንዳለ ነው።